ዘበኛው ጎቢ፣ ተኳሹ ደባሉ እና 8 ሴንቲ ሜትር አሸዋ

ይህን ማስታወሻ በየቀኑ አልጻፍኩትም። ነገር ሲኖር ጻፍኩ፣ ሳይኖር ዝም አልኩ። ጎቢ የሚባለውን ትንሽ የባሕር ዓሣ በቤት ገንዳ ማኖር የሚያስብ ሰው ከስህተቴም ከሥራዬም የሚወስደው ነገር አለ ብዬ ስለማምን፣ የተሳሳትኩበትን ሳልሰርዝ አስቀምጫለሁ።

ዓሣው ቢጫ ዘበኛ ጎቢ ነው። የሳይንስ ስሙ ክሪፕቶሴንትረስ ሲንክተስ። አገሩ ምዕራብ ፓስፊክ ነው። ቢያድግ ቢያድግ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው የሚደርሰው። ሰውነቱ ቢጫ ነው፤ ፊቱ ላይ ሰማያዊ ነጠብጣብ ፍንጥቅጥቅ ብሎበታል። አፉ ሰፊ ስለሆነ ሁልጊዜ ያኮረፈ ይመስላል። እኔ የተሸነፍኩት በዚያ ፊቱ ነው።

ዘበኛ ያሰኘው ሥራው ነው። በተፈጥሮ ብቻውን አይኖርም። ተኳሽ ሽሪምፕ ከሚባል ደባል ጋር አንድ ጉድጓድ ይጋራል። ሽሪምፑ ሲቆፍር ይውላል፣ ዓይኑ ግን ደካማ ነው። ጎቢው በቁፋሮ ከእሱ ጋር አይወዳደርም፣ ዓይኑ ግን አንዳች ነገር አያመልጠውም። አንዱ ቤት ይሠራል፣ አንዱ በር ይጠብቃል። ሁለቱን በአንድ ጉድጓድ ማየት ነው የዚህ ሁሉ ሥራ ዓላማ።

ቀን 1

ገንዳው 60 በ40 በ35 ሴንቲ ሜትር ነው። 84 ሊትር ማለት ነው። ከፍታ ያለው ገንዳ አልፈለግኩም። የዚህ ዓሣ ኑሮ ወለል ላይ ስለሆነ የመረጥኩት የወለሉን ስፋት አይቼ ነው። ጠረጴዛውን በውሃ ልክ አስተካከልኩ። ገንዳውን በቧንቧ ውሃ ሞልቼ አሳደርኩት። አላፈሰሰም።

ቀን 2

ዛሬ ሙሉ ቀን ከድንጋይ ጋር ነው የዋልኩት።

ብዙ ሰው መጀመሪያ አሸዋ ያፈስና ድንጋዩን ከላይ ይደረድራል። ለሌላ ዓሣ ችግር የለውም። ለሚቆፍር እንስሳ ግን አደጋ ነው። ሽሪምፑ ከድንጋዩ ሥር አሸዋ ባወጣ ቁጥር ድንጋዩ የቆመበትን እያጣ ይሄዳል። አንድ ሌሊት ይደረመሳል፤ ከሥሩ ያለው ይጨፈለቃል። ስለዚህ ድንጋዩ ማረፍ ያለበት በገንዳው ወለል ላይ ነው እንጂ በአሸዋ ላይ አይደለም።

የፒቪሲ ቱቦ በ6 ሴንቲ ሜትር እየቆረጥኩ ስድስት አጫጭር እግሮች አወጣሁ። ወለሉ ላይ አቆምኳቸውና ትልልቆቹን ድንጋዮች እላያቸው አሳረፍኩ። የላይኞቹን ከታችኞቹ ጋር ለውሃ ውስጥ በሚሆን ኢፖክሲ አጣበቅኩ። ሲደርቅ በሁለት እጄ ይዤ ነቀነቅኩት። ንቅንቅ አላለም። አሸዋው ሲገባ እግሮቹ ይቀበራሉ፤ ከድንጋዩ ሥር ያለው ባዶ ቦታም ለቆፋሪው የተመቸ ምድር ቤት ይሆናል።

ቀን 3

አሸዋ። በዚህ ጉዳይ ትንሽ ልቆይበት፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

ሦስት ሰፋፊ የብርጭቆ ጠርሙሶች ወሰድኩ። አንዱን በደቃቅ አሸዋ፣ ሁለተኛውን በሸካራ፣ ሦስተኛውን በድብልቅ ሞላሁ። ውሃ ጨመርኩባቸው። ከዚያ ጣት የሚያህል ቱቦ በጠርሙሱ ጎን አስጠግቼ ሰያፍ አስገባሁና ቀስ ብዬ አወጣሁት። የሚቀረው ቀዳዳ ይቆማል ወይስ ይደፈናል የሚለውን ለማየት ነው።

ደቃቁ ወዲያው ተደፈነ። ሸካራው ቆመ፤ ነገር ግን በጠጠሮቹ መሃል ያለው ክፍተት ብዙ ስለሆነ የምግብ ትርፍራፊ ሁሉ እዚያ ገብቶ ይበሰብሳል። ደግሞም የሾለ ጠጠር ሆዱን መሬት ላይ አድርጎ ለሚኖር ዓሣ አይመችም። ድብልቁ ግን ቀዳዳውን ያዘ። ትልልቁ ስብርባሪ እንደ ወራጅ እንጨት ይሆናል፣ ደቃቁ እንደ ጭቃ ይመርገዋል። ቤት የሠራ ሰው ይህን ያውቃል።

ስለዚህ ሁለት እጁን እስከ 1 ሚሊ ሜትር የሆነ የአራጎናይት አሸዋ፣ ቀሪውን ሸካራ አሸዋና እስከ 3 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ የኮራል ስብርባሪ አደረግኩ። ውፍረቱ 8 ሴንቲ ሜትር፣ ከድንጋዩ ኋላ 10። በክብደት ወደ 30 ኪሎ ገደማ ገባ። አጥቤ ለመጨረስ ስንት ባልዲ ውሃ እንደደፋሁ አልቆጠርኩም። የተረፈውን የኮራል ስብርባሪ በአንደኛው ጠርሙስ አስቀመጥኩት።

ቀን 5

ውሃ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው፤ አንዳንዴ መዳብም ሊኖረው ይችላል። መዳብ ለሽሪምፕ መርዝ ነው። ስለዚህ በሪቨርስ ኦስሞሲስ የተጣራ ውሃ ነው የተጠቀምኩት። የተፈጥሮ የባሕር ውሃ በአንድ ሊትር 35 ግራም ገደማ ጨው አለው። የባሕር ጨዉን ከገንዳው ውጭ በባልዲ በጠበጥኩት፣ በትንሽ ፓምፕ አንድ ቀን አንቀሳቀስኩት፣ ከዚያ ብቻ ጨመርኩት። አሸዋውና ድንጋዩ ከያዙት ቦታ ውጭ 60 ሊትር ያህል ውሃ ያዘ። ሙቀት 25 ዲግሪ። ሪፍራክቶሜትሬ (የጨዋማነት መለኪያው) 1.025 አለ፤ ወደ 35 ግራሙ የሚጠጋ ልክ ነው። ደስ አለኝ። (በዚህ ቁጥር ላይ ቆይቼ እመለሳለሁ።)

ቀን 7 እስከ 36

ይህ ዕድሜ የሚበላ ጊዜ ነው፤ ግን መዝለል አይቻልም። አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት የሚቀይሩ ባክቴሪያዎች አሸዋውና ድንጋዩ ላይ መራባት አለባቸው። ባዶውን ገንዳ በአሞኒያ 2 ፒፒኤም (ከሚሊዮን ሁለት እጅ) ላይ አደረስኩትና ጠበቅኩ። በ15ኛው ቀን አሞኒያው መውረድ፣ ናይትራይቱ መውጣት ጀመረ። በ33ኛው ቀን የጨመርኩት አሞኒያ በ24 ሰዓት ውስጥ ዜሮ ሆነ፣ ናይትራይቱም ዜሮ። ሦስት ቀን ደጋግሜ ለካሁ። ከዚያ ግማሹን ውሃ ቀየርኩ።

በመሃል አሸዋው ሁሉ ቡናማ አቧራ ለበሰ። ዳያቶም የሚባል ደቃቅ አልጌ ነው። አዲስ ገንዳ ሁሉ ያልፍበታል። አልነካሁትም፤ በራሱ ጊዜ ሄደ።

ቀን 40

ጎቢው መጣ። ቁመቱ 5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በቀጥታ ወደ ዋናው ገንዳ አላስገባሁትም። ለሦስት ሳምንት በሌላ ትንሽ ገንዳ፣ አንድ ቁራጭ የፒቪሲ ቱቦና አንድ ሳህን አሸዋ ሰጥቼው በትዝብት አቆየሁት። ምክንያቱ ቀላል ነው። ዓሣ ታሞ ከመጣ ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ መዳብ ነው። መዳብ ደግሞ ሽሪምፕ ወደሚኖርበት ገንዳ ፈጽሞ አይገባም። ሕክምናው ካስፈለገ እዚህ ይጨረስ።

አላስፈለገም። በሁለተኛው ቀን ማይሲስ (ሽሪምፕ መሰል ደቃቅ ፍጥረት ነው) ከፒፔቱ፣ ከምመግብበት ቀጭን ቱቦ፣ ጫፍ ነጥቆ በላ። ቱቦው ውስጥ ሆኖ ጭንቅላቱን ብቻ አውጥቶ ያየኛል። ሁለት ዓይኖቹ ከላይ ጉልት ጉልት ብለው እየተገላበጡ አካባቢውን ይቃኛሉ።

ቀን 61

ወደ ዋናው ገንዳ ገባ። ወለሉን እንደነካ አንድ ጊዜ ዞር ብሎ አየ፣ ከድንጋዩ ሥር ገባ፣ አለቀ።

ቀን 62፣ 63፣ 64

የለም።

ቀን 65

ውሃ ሽታ ሆነ። ምግቡን ከድንጋዩ ሥር እነፋለታለሁ፤ የሚወጣ የለም። ጎቢ ሲደነግጥ ይዘላል። ክዳን አለኝ፤ ነገር ግን በማሞቂያው ገመድ ዙሪያ ጣት የሚያስገባ ክፍተት መተዌን ዛሬ ነው ያየሁት። ልቤ ድንግጥ አለ። ጠረጴዛውን አነሳሁ፣ ምንጣፉን ገለጥኩ፣ በባትሪ ከመደርደሪያው ሥር ፈለግኩ። ምንም። ክፍተቱን በመረብ ደፈንኩት። የመጀመሪያ ቀን መደፈን የነበረበት ነገር ነው። ይህን የሚያነብ ሰው አሁኑኑ ሄዶ ክዳኑን ይመልከት።

ድንጋዩን አንስቼ ላየው እጄ ከአንዴም ሁለቴ ገንዳው ውስጥ ገባ። ሁለቴም መለስኩት። ለዓመታት የጨው ውሃ ዓሣ ያኖረ አንድ ወዳጄ በስልክ “ወንድሜ፣ እባክህ ተወው። ከሞተ አሞኒያው ይነግርሃል። ካልሞተ ግን አንተ ነህ የምትገድለው” አለኝ። ለካሁ። አሞኒያ ዜሮ።

ቀን 70

አገኘሁት! ከኋላ በኩል፣ ድንጋዩ መስታወቱን ሊነካ በሚደርስበት ጥግ፣ በአፉ አሸዋ እየዛቀ ትንሽ ጎድጓዳ ቦታ አበጅቷል። ቀለሙ ደብዝዟል፤ ቢጫው ወደ አመድማ ሄዷል። ከስቷልም። በረጅም ፒፔት ማይሲስ አፍንጫው ሥር አደረስኩለት። ጎረሰ። ሁለተኛም ጎረሰ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ቀን 73

ዛሬ የተማርኩት ነገር ከገንዘቡም ከድካሙም የሚበልጥ ነው።

ሽሪምፕ ከማምጣቴ በፊት ሁሉንም መለኪያ እንደገና ልፈትሽ አልኩ። ሪፍራክቶሜትሩን እስከ ዛሬ ዜሮ የማደርገው በተጣራ ውሃ ነበር። ዛሬ ልኩ 35 የሆነ የጨው መፈተሻ ፈሳሽ ጠብ አደረግኩበት። 31 አለኝ! ማለትም በዜሮ ላይ ልክ የሆነ መሣሪያ በ35 ላይ ልክ ላይሆን ይችላል። በ35 አስተካክዬ የገንዳውን ውሃ ለካሁ። 39። እኔ 1.025 እያልኩ የምኮራበት ውሃ እስከ ዛሬ ከመጠን በላይ ጨዋማ ነበር። የዓሣው መክሳትም ከዚህ ጋር ሳይያያዝ አይቀርም ብዬ አሰብኩ።

ዓሣ ከሽሪምፕ ይሻላል፤ ይችላል። ሽሪምፕ ግን የጨዋማነት ለውጥ አይሆንለትም። ገብቶ ቢሆን ኖሮ ሳላውቀው አጠፋው ነበር። ወዲያውኑ በአንዴ መመለስም ስህተት ነው። ሂሳቡን ሠራሁ። ከ60 ሊትር ውስጥ በየቀኑ 1.6 ሊትር የጨው ውሃ እያወጣሁ በንጹሕ ውሃ ብተካ በአራት ቀን 35 ይደርሳል።

ቀን 77

35 ደረሰ። ከዛሬ ጀምሮ በየሳምንቱ በዚያው ፈሳሽ እፈትሻለሁ። ሌላም ነገር፦ ውሃ ሲተን ጨዉ አብሮ አይተንም። ስለዚህ የጎደለውን የምሞላው ሁልጊዜ በንጹሕ ውሃ ነው። መስታወቱ ላይ ልኩን በፕላስተር ምልክት አድርጌያለሁ፤ ጠዋት ጠዋት እሞላለሁ።

ቀን 82

ሽሪምፑ መጣ። አልፊየስ ቤሉለስ ነው፤ በነብር ስም የሚጠሩት። ሰውነቱ ፈዛዛ ቢጫ ሆኖ ቡናማ ዥንጉርጉር መስመር ዞሮበታል። 3 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ከሁለቱ መቆንጠጫዎቹ አንዱ ከሌላው በጣም ይተልቃል። ያ ነው መሣሪያው።

ሁለት ሰዓት ሙሉ የገንዳውን ውሃ በቀጭን ቱቦ፣ ልክ እንደ ግሉኮስ ጠብ ጠብ እያደረግኩ አለማመድኩት። ከዚያ ከጎቢው ጎድጓዳ አጠገብ እንዲያርፍ ሰፊ ቱቦ አስገብቼ በዚያ በኩል ላክሁት። ዕቅዴ ጥሩ ነበር። እሱ ግን ከቱቦው እንደወጣ ፊቱን አዙሮ በግድግዳው ጥግ ጥግ ተራመደ። በገንዳው ማዶ፣ ከጎቢው 50 ሴንቲ ሜትር ርቆ ከድንጋዩ ሥር ገባ። በደቂቃ ውስጥ አሸዋ ወደ ውጭ መፍሰስ ጀመረ።

ቀን 83

ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ ቷ! የሚል ድምፅ ቀሰቀሰን። ልጄ እየሮጠች መጣች። “አባዬ! አባዬ! መስታወቱ ተሰነጠቀ!” እኔም ያሰብኩት ያንኑ ነው። ባትሪ ይዘን ሄድን። ወለሉ ደረቅ ነው። ጥጉን ሁሉ በእጄ ዳሰስኩ። ገና ቆመን ሳለ እንደገና ቷ! አለ። ከድንጋዩ ሥር ነው። “አይዞሽ የኔ እናት፣ እሱ ነው” አልኳት። ከዚያ በኋላ ማን ይተኛ።

ድምፁ መቆንጠጫው ሲጋጭ የሚወጣ ይመስላል። አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 በኔዘርላንድስ ሚሼል ፈርስሉስና ባልደረቦቹ በሴኮንድ 40,000 ምስል በሚያነሳ ካሜራ አይተውታል። መቆንጠጫው በፍጥነት ሲገጠም ቀጭን የውሃ ጅረት ይወረውራል። ጅረቱ ከመፍጠኑ የተነሳ ግፊቱ ይወርድና የእንፋሎት አረፋ ይፈጠራል። ያ አረፋ ሲሟሽሽ ነው የሚጮኸው። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ አረፋው ሲሟሽሽ በዓይን የማይታይ ብልጭታ እንደሚሰጥ፣ በውስጡም ሙቀቱ ቢያንስ 5,000 ኬልቪን እንደሚደርስ ታወቀ። ሽሪምፑ በዚህ ነው የሚያድነውን የሚያፈዝዘው። ጠላቱንም የሚመልሰው በዚሁ ነው። ጣት የማታህል ፍጥረት ሳሎኔ ውስጥ ይህን ስታደርግ ማደሯን ሳስብ አሁንም ይደንቀኛል።

ቀን 84 እስከ 96

ሁለቱም አሉ። አይገናኙም። ሽሪምፑ በማዶ እየቆፈረ ነው፤ ጎቢው በወዲህ ጎድጓዳው ውስጥ አኩርፎ ተቀምጧል። በየቀኑ ሳያቸው ሆዴን ባር ባር ይለዋል።

ሥራ አልፈታሁም። ሁለት ነገር አደረግኩ። አንደኛ፣ ከአሸዋው ከፍታ በታች ያለውን የመስታወት ጎን በጥቁር ወረቀት ሸፈንኩት። ቆፋሪ እንስሳ ብርሃን የሚያስገባ ግድግዳ አይወድም። ጨለማ ሲሆንለት ግን መስታወቱን ራሱን እንደ ግድግዳ ተጠቅሞ ሊቆፍር ይችላል። ወረቀቱን ገለጥ አድርጌ ውስጡን ማየት እችላለሁ። ሁለተኛ፣ የአሸዋውን ከፍታ በየሳምንቱ መስታወቱ ላይ በሚጠፋ ቀለም አሰምራለሁ። በማዶ በኩል አሸዋው በአንድ ሳምንት 2 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሏል። ይህ ሁሉ ከሥር የወጣ ነው።

በቀን 91 ወረቀቱን ገለጥኩ። ዋሻ! አውራ ጣቴን የሚያስገባ፣ ጣሪያው በኮራል ስብርባሪ የተያያዘ። ባትሪዬን በቀይ ላስቲክ ሸፍኜ አየሁት፤ ቀይ ብርሃን ብዙም አያውካቸውም። ሽሪምፑ ድንጋይ ተሸክሞ አለፈ። መንገዱ ወደ ኋላ ጥግ፣ ወደ ጎቢው ነው የሚሄደው። እየሄደ እንደሆነ ያውቅ ይሆን?

እነዚህ እንስሳት እንዴት እንደሚፈላለጉ ሳነብ ደስ የሚል ነገር አገኘሁ። ኢላን ካርፕለስና ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተሙት ጥናት የቀይ ባሕር ጎቢና ተኳሽ ሽሪምፕ ወስደው ሰው ሠራሽ ጉድጓድ ውስጥ አኑረዋቸዋል። ሽሪምፑ አልፊየስ ጂቡቴንሲስ ይባላል። ስሙ ከጅቡቲ የተወሰደ ነው። የእኔዎቹ ዘመዶች ለካ በቀይ ባሕር ዳርቻም እንዲሁ በደባልነት ይኖራሉ።

ቀን 97

ተገናኙ።

ጠዋት መብራቱ ሲበራ ጎቢው ከኋላ ጥግ የለም። ከፊት ለፊት፣ ከድንጋዩ ሥር በተከፈተ አዲስ በር ላይ ተቀምጧል። ቀለሙ እንደ መጣበት ቀን ቢጫ ነው። ተንበርክኬ አየሁ። ከኋላው ሽሪምፑ አሸዋ እየገፋ ወጣ። በሩ ላይ ሲደርስ አንዱ ረጅም አንቴናው ሄዶ የጎቢው ጭራ ላይ አረፈ። ዓይነ ስውር ሰው የመሪውን ትከሻ እንደሚይዝ። አሸዋውን ደፋ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ወጣ። በወጣ ቁጥር አንቴናው ጭራውን ይፈልጋል። ሳያገኘው አንድ እርምጃ አይወጣም።

ልጄን ጠራኋት። ስትመጣ ጥላዋ መስታወቱ ላይ ወደቀ። ጎቢው ጭራውን ቶሎ ቶሎ ነቅነቅ አደረገ። ሽሪምፑ በቅጽበት ወደ ኋላ ጠፋ። ጎቢው ግን አልገባም፤ ቆሞ አያት። እሷ አንድ እርምጃ ስትጠጋ እሱም በጭንቅላቱ ተወርውሮ ገባ። ስለዚህ ማስጠንቀቂያው ሁለት ደረጃ አለው። የጭራ ንቅናቄ “ተጠንቀቅ” ነው። በጭንቅላት መግባት ደግሞ “አበቃ፣ ሽሽ” ነው። አንብቤው ነበር። በዓይን ማየት ግን ሌላ ነው።

ለአንድ ሰዓት ተኩል ከዚያ አልተነሳሁም።

ቀን 104

አመጋገብ። ጎቢው በቀን ሁለት ጊዜ ይበላል፤ ማይሲስ፣ አርቴሚያ (እሱም ደቃቅ የጨው ውሃ ፍጥረት ነው)፣ የሚሰምጥ ደቃቅ ደረቅ ምግብ። ውሃው ላይ የሚበተን ምግብ አይሆነውም። በሩን ጥሎ ብዙ ርቀት አይሄድምና ምግቡ እሱ ዘንድ መሄድ አለበት። ፒፔቱን ከበሩ 5 ሴንቲ ሜትር አርቄ ቀስ ብዬ እለቃለሁ። ለሽሪምፑ በሳምንት ሁለቴ አንድ እንክብል በሩ ላይ አስቀምጣለሁ። አንቴናው ይነካዋል፣ መቆንጠጫው ይይዘዋል፣ ይወርዳል። የቀረውን ከአሸዋው ውስጥ ራሱ እየለቀመ ይመስለኛል።

ቀን 112

አንድ ቀንድ አውጣ ጠፋ። በዋሻው መስታወት በኩል ስገልጥ ዛጎሉ ጣሪያው ውስጥ ተሰክቷል። ባዶ ነው። ሞቶ ዛጎሉን አግኝቶት ይሁን በሕይወት ወስዶት ይሁን አላየሁም። ከእንግዲህ ትናንሽ ቀንድ አውጣ አላስገባም፤ ጠንካራ ትልልቅ ብቻ። ያልተጣበቀ ነገር ሁሉ ለዚህ ሽሪምፕ የግንባታ ዕቃ ነው።

ፓምፑንም ዞር አደረግኩት። የውሃው ግፊት የአሸዋ ክምሩን እየጠረገ ወደ በሩ ይመልስ ነበር። ምስኪኑ ሙሉ ቀን ያወጣውን ሌሊት ይመልስበታል። አሁን ግፊቱ ወደ ላይኛው ውሃ ያነጣጥራል።

ቀን 124

በሩ ላይ ሽሪምፑ ተጋድሞ አገኘሁት። አይንቀሳቀስም። ጎቢው ብቻውን ቆሟል። ቀልቤ ተገፈፈ። በመቆንጠጫ ቀስ ብዬ አወጣሁት። እጄ ላይ ሳደርገው ክብደት የለውም። ብርሃን ያሳልፋል። ከጀርባው፣ ጭንቅላቱ ከሆዱ በሚገናኝበት ቦታ ተሰንጥቋል። ባዶ ቅርፊት ነው! አሮጌ ልብሱን ጥሎ ነው። የሞተ ሽሪምፕ ሥጋው ነጭ ይሆናል፣ ይሸታልም። ይህ እንደ ላስቲክ ጥርት ያለ ነው። አዲሱ ቅርፊት እስኪጠነክር ሰውነቱ ለስላሳ ስለሆነ ይደበቃል። መታገስ ነው።

ቀን 128

ወጣ። ትንሽ ተልቋል። በዚህ አራት ቀን ጎቢው ከበሩ አልራቀም።

ቀን 139

መብራት ለአምስት ሰዓት ጠፋ። ፓምፕ የለም ማለት ኦክስጅን እያነሰ ይሄዳል ማለት ነው። ይህ በጉድጓድ ለሚኖር እንስሳ ቶሎ ይከብዳል። በሁለተኛው ሰዓት ጎቢው ሙሉ ሰውነቱን አውጥቶ በድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ በፍጥነት ይተነፍሳል። እንዲህ ሲያደርግ አይቼው አላውቅም። በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ነበረኝ። አስገባሁ። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ወደ በሩ ተመለሰ። መብራት እስኪመጣ ሁለት ጊዜ ባትሪ ድንጋይ ቀየርኩ። አሁን አንድ ሙሉ ጥቅል ከገንዳው ሥር ይቀመጣል።

ቀን 156

ልኬት፦ ሙቀት 25፣ ጨዋማነት 35፣ አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ፣ ናይትሬት 10። በየሳምንቱ 6 ሊትር እቀይራለሁ። ጎቢው 7 ሴንቲ ሜትር አልፏል።

ጉድጓዱ አሁን ሦስት በር አለው። ቀለም ያሰመርኩበት መስታወት ላይ መስመሮቹ አንዱ ካንዱ ይወጣሉ ይወርዳሉ። ከድንጋዩ ሥር ፒቪሲ እግሮቹ ሁለቱ ሙሉ በሙሉ ተጋልጠዋል። ድንጋዩ ግን ከቆመበት ንቅንቅ አላለም። በቀን 2 የደከምኩት ድካም ዛሬ ነው ዋጋውን የከፈለኝ።

ዋናው በር ግን ሁለቴ በዚህ ሳምንት ተደርምሷል። ገንዳው ውስጥ የቀረው ስብርባሪ ሁሉ ዋሻው ውስጥ ተሰክቶ አልቋል፤ በላይ ያለው ደቃቅ አሸዋ ብቻ ነው። ያ በቀን 3 የተረፈው ጠርሙስ ትዝ አለኝ። አውጥቼ አጠብኩት። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ አንድ እፍኝ ከበሩ አንድ ስንዝር ያህል አርቄ በትኜ እጄን አወጣሁ።

ጎቢው መጀመሪያ ገባ። አሥር ደቂቃ ቆየ። ወጣ፣ አየ፣ ተቀመጠ። ከኋላው አንቴናው መጣና ጭራው ላይ አረፈ። ሽሪምፑ አንድ ቁራጭ ያዘ፣ አገላበጠው፣ ጣለው። ሌላ ያዘ። እሱን ይዞ ወረደ። ሦስት ሰዓት ላይ መብራቱ እስኪጠፋ ድረስ አሥራ አንድ ቁራጭ ቆጠርን። ልጄ አሥራ ሁለት ናቸው ትላለች። ከዚያ ጎቢው ገባ። ሽሪምፑ የመጨረሻውን ትልቅ ቁራጭ ከውስጥ በኩል ስቦ በሩ ላይ ገጠመው፣ ዳሩን በአሸዋ ሞላ፣ ተዘጋ።